ጥንቸሏ ትምከን ወይስ ትቅር? የሴቷና የወንዱ ጉዳይ አንድ አይደለም

ከዲሴምበር 15 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኒውዮርክ ግዛት ያሉ የቤት እንስሳት ሱቆች ውሻ፣ ድመትና ጥንቸል መሸጥ አይችሉም። ካሊፎርኒያ ቀድማ፣ ከ2019 መጀመሪያ አንስቶ፣ ሱቆች ከመጠለያ የመጡትን ብቻ እንዲያቀርቡ አዝዛለች። ስለ እነዚህ ሕጎች ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ውሻን ነው። ጥንቸል ትረሳለች። ልጆቻቸው "ጥንቸል ግዙልን" እያሉ ለሚወተውቷቸው ወላጆች ግን ለውጡ ቀላል አይደለም። አርቢ አፈላልጎ ከመግዛት ሌላ የቀረው መንገድ መጠለያ ነው። መጠለያ ደግሞ ጥንቸሏን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አምክኖ ነው።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። "ምንም ያልሆነች እንስሳ ሆዷ ለምን ይቀደዳል?" የሚል አለ። "ካላመከናችኋት በካንሰር መሞቷ ነው" የሚልም አለ። ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አይናገሩም። ግን የሴቷን ነገር ከወንዱ፣ የወጣቷን ከአሮጊቷ፣ ጥንቸል የለመደ ሐኪም ያለበትን ከተማ ከሌለበት ጋር ቀላቅለው በአንድ መልስ ሊጨርሱት ይፈልጋሉ። አንድ መልስ ግን የለውም።

ሙክት፣ ሰንጋ እና ጥንቸል

እንስሳ ማኮላሸት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወይፈን ይቀጠቀጣል። በግና ፍየል ሙክት ይሆናሉ። ሰንጋ የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ዓላማው ወይ ከብቱ እንዲገራ ነው ወይ እንዲደልብ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ቃላቱ ሁሉ ስለ ወንድ ናቸው። ለሴት እንስሳ እንዲህ ያለ የገበሬ ቃል የለንም። ላሟም በጓም የምትፈለገው እንድትወልድ ነው። ስለዚህ አንድ ወላጅ "ሴቷን ጥንቸል እናምክናት" ሲባል ክው ቢል አይፈረድበትም።

በዚህ ጽሑፍ "ማኮላሸት" ስንል የወንዱን ቆለጥ በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። "ማምከን" ስንል ደግሞ የሴቷን ኦቫሪና ማህፀን ማውጣት ነው። ኦቫሪ እንቁላል የሚያመርት እጢ ነው፤ ሆርሞንም ያመነጫል። ሆርሞን በደም እየዞረ አካልን "ይህን አድርግ፣ ያን ተው" የሚል ኬሚካል ነው። ሁለቱም ሥራዎች በሙሉ ማደንዘዣ ይደረጋሉ።

ሌላም የስም ጣጣ አለ። በአማርኛ ጥንቸል የምንለው ሜዳችን ላይ ጆሮዋን አቁማ የምትፈተለከውንም፣ ቤት የምትለምደውንም ነው። የዱሯ ሌላ ዘር ናት። የቤቷ ጥንቸል መነሻዋ ስፔንና ፖርቱጋል ያሉበት ምድር ነው። እዚያ በዱር ሳለች ጉድጓድ ቆፍራ፣ ከመሰሎቿ ጋር በቡድን ትኖር ነበር። ብቸኝነት አይሆንላትም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ኦሪት ዘሌዋውያን 11፥6 ጥንቸልን ከማይበሉት ይቆጥራታል። በዚህ የተነሳ በኦርቶዶክስ ቤት ለማዕድ አልረባችም። ስለ ላም እናትና አያት የነገሩን ብዙ ነገር አለ፤ ስለ ጥንቸል አያያዝ ግን የወረስነው እምብዛም ነው። የምናገኘው መረጃ ከኢንተርኔት ነው፤ እሱም በአብዛኛው ወይ ማስፈራሪያ ነው ወይ ማባበያ።

ቀን የማይጠብቅ ማህፀን

ላም ኮርማ የምትፈልግበት የታወቀ ቀን አላት፤ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ይመለሳል። ጥንቸል እንዲህ ያለ ቀን የላትም። እንቁላሏን የሚያስለቅቀው ስሪያው ራሱ ነው። ከስሪያው በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቁላሉ ይለቀቃል። ስለዚህ ወንድ ካገኘች የማርገዝ ዕድሏ በጣም ሰፊ ነው። እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው። በወለደች በሰዓታት ውስጥ ደግሞ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ወንዱ አብሯት ካለ፣ ግልገሎቿ ጡት መጣል ሲጀምሩ ሌሎቹ ከች ይላሉ።

ትንንሾቹ ዝርያዎች ከ3 ወር ተኩል ጀምሮ ለስሪያ ይደርሳሉ። ወንድምና እህት መሆናቸው አያግዳቸውም። ግልገል ሳሉ ደግሞ ጾታቸውን መለየት ያስቸግራል፤ ሻጩም ይሳሳታል። "ሁለት ሴቶች" ተብለው የመጡ ጥንቸሎች ከወራት በኋላ ስድስትና ሰባት ግልገል ሲወልዱ መስማት የተለመደ ነው። ይህ ጸባይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አውስትራሊያ አይታዋለች። በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለ ርስት ከእንግሊዝ 24 ጥንቸሎች አስመጥቶ ቪክቶሪያ ውስጥ አራባ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ዘሮቻቸው የአህጉሩን ሰፊ ክፍል ወረሩት። ዛሬም በኩዊንስላንድ ግዛት ጥንቸልን በቤት ማሳደግ በሕግ የተከለከለ ነው።

ወንድ አጠገቧ የሌለ ሴትም ሁልጊዜ አታርፍም። ሌላ ሴት ጀርባዋ ላይ ብትወጣ እንኳ እንቁላሏ ሊለቀቅና አካሏ ያረገዘ ሊመስለው ይችላል። ይህ የሐሰት እርግዝና ይባላል፤ ከ16 እስከ 18 ቀን ገደማ ይቆያል። መጨረሻው አካባቢ ያለውን ያየ ሰው አይረሳውም። ድርቆሹን በአፏ ትሞላለች። ጭራሮው በግራና በቀኝ እንደ ጢም ወጥቶ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። ጎጆ እየሠራች ነው። ቀጥላ አንገቷን ደፍታ ከደረቷና ከሆዷ ፀጉር በአፏ እየነጨች ድርቆሹ ላይ ታነጥፋለች። የማያውቅ ሰው እከክ የያዛት ይመስለዋል። እጅ ሲቀርባት ታጉረመርማለች፣ በፊት እግሯ ትማታለች፣ ትነክሳለችም። ከዚያ ምንም ግልገል አይመጣም። ጎጆው ባዶውን ይቀራል። ሰንበት ብሎ ደግሞ ያው ነገር ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል።

እንዲህ ያለችዋን ጥንቸል ብዙ ቤት "ጸባይዋ ተበላሸ" ብሎ ለመጠለያ ይሰጣታል። ጸባይዋ አልተበላሸም። ሆርሞኗ የሚነግራትን እየሠራች ነው።

80 በመቶ የሚባለው ቁጥር

ሴት ጥንቸል ካልመከነች፣ ዕድሜዋ ሲገፋ ከ50 እስከ 80 በመቶ በማህፀን ካንሰር ትያዛለች የሚለው አባባል በየቦታው ይነበባል። ካንሰሩ አዴኖካርሲኖማ ይባላል፤ ከእጢ ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ማለት ነው። በሴት ጥንቸል ላይ በብዛት የሚታወቀው ካንሰር ይህ ነው። እስከዚህ ድረስ ብዙም ክርክር የለም።

ክርክሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። የቁጥሩ መነሻ ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ በቤተ ሙከራ ጥንቸሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናቸው። በአንዱ ጥናት ከ2 እስከ 3 ዓመት ከሆናቸው ውስጥ የታመሙት 4 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከ5 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ላይ ግን ወደ 80 በመቶ ደረሰ። ጥንቸሎቹ በአንድ ቦታ የሚረቡ፣ በዘር የሚቀራረቡ ነበሩ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ሕመም እንዲህ ባለ መንጋ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። የዝርያ ልዩነትም አለ። በኋላ የመጡት ጥናቶች ብዙዎቹ ደግሞ ወደ ምርመራ የተላኩ ማህፀኖችን የቆጠሩ ናቸው። ወደ ምርመራ የሚላከው ማህፀን ብዙውን ጊዜ ቀድሞውኑ የተጠረጠረ ነው። ስለዚህ 80 በመቶውን ቤታችሁ ላለችው ጥንቸል እንደ ዕጣ ፈንታዋ መንገር ትክክል አይደለም።

ተጠራጣሪዎቹ እስከዚህ ልክ ናቸው። ከዚህ ተነስተው "ስለዚህ ውሸት ነው" ሲሉ ግን አብሬያቸው አልሄድም። ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱት። አሁንም ብትሉ እንደገና በግማሽ ቀንሱት። ከአምስት አንዷ ትታመማለች ማለት ነው። የቤት ጥንቸል በደንብ ከተያዘች ከ8 እስከ 12 ዓመት ልትኖር ትችላለች። አምስት ዓመት ለእሷ ገና ጎልማሳነት ነው። ከአምስት አንዷ እንኳ ብትሆን አደጋው ትልቅ ነው።

አካሄዱም ክፉ ነው። እብጠቱ በማህፀኑ ውስጥ ብዙ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ያድጋል። ጥንቸል በዱር የአዳኝ ምግብ ናት፤ ሕመሟን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው። እየበላች፣ እየዘለለች ወራት ይሄዳሉ። ደም በሽንቷ ሲታይ ወይም ትንፋሿ ሲከብድ ካንሰሩ ሳንባዋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ማህፀኑን ማውጣት አያድናትም።

አንዳንድ ሰው "አንዴ ትውለድና ማህፀኗ ይጽዳ" ይላል። መውለዷ ከዚህ ካንሰር አይጠብቃትም። የወለደችውም ያልወለደችውም እኩል ያሰጋታል።

ወንዱ

የወንዱ ጉዳይ ቀለል ይላል፤ ምክንያቱም ሌላ ነው። የቆለጥ ካንሰር ያረጁ ወንዶችን ይይዛል፤ ግን የሴቷን ያህል የተለመደ አይደለም። ወንድ የሚኮላሸው በዋናነት ከሌሎች ጋር እንዲኖር ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ለአቅመ ስሪያ ሲደርስ በሰው እግር ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ሽንቱን ይረጫል፣ ያገኘው ነገር ላይ ይወጣል። ሽታው ጠንካራ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አብረው አድገው አንድ ቀን ጠዋት ተነካክሰው በደም ተነክረው ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚነካከሱት ደግሞ ቆለጣቸውን ነው።

ቀዶ ጥገናው አጭር ነው። ሆድ አይከፈትም። ሐኪሙ ሊጠነቀቅለት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በጥንቸል ቆለጡ የሚወርድበት ቀዳዳ ዕድሜውን ሙሉ ክፍት ነው። በደንብ ካልተዘጋ አንጀት በዚያ ሊወርድ ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ ጊዜው ነው። በቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስላለ፣ የተኮላሸ ወንድ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊያስረግዝ ይችላል። ጸባዩም በአንድ ጀምበር አይለወጥም። ሆርሞኑ ከደሙ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል።

ማደንዘዣው፦ እውነተኛው ስጋት

"ከቀዶ ጥገናው ትሞትብኛለች" የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው። በብሪታንያ ከ100 በላይ የእንስሳት ክሊኒኮች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2008 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። በማደንዘዣና ከዚያ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት የሞቱትን ቆጥሯል። ከውሾች 0.17 በመቶ፣ ከድመቶች 0.24 በመቶ፣ ከጥንቸሎች 1.39 በመቶ ሞተዋል። ጤነኛ ጥንቸሎች ብቻ ሲቆጠሩ 0.73 በመቶ ነው። ይህ ማለት ከ137 ጤነኛ ጥንቸሎች አንዷ ማለት ነው። ለጤነኛ ውሻ ቁጥሩ 0.05 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አቅልሎ "ምንም አይደለም" የሚል ሐኪም እውነቱን ሁሉ አልነገራችሁም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው። አፏ ጠባብ፣ ጉሮሮዋ ሩቅ ስለሆነ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ልምድ ይጠይቃል። ደረቷ ከሆዷ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በጀርባዋ ስትተኛ ከባዱ አንጀት ሳንባዋን ይጫነዋል። ለሌላ እንስሳ የልብ ምት ሲወርድ የሚሰጠው አትሮፒን የተባለ መድኃኒት በብዙ ጥንቸሎች ላይ አይሠራም፤ ደማቸው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ያፈርሰዋል። ኢንዛይም በአካል ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም በአስጨናቂው ደቂቃ የማይሠራ መርፌ ይወጋል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በዚያው ጥናት ከሞቱት ጥንቸሎች ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት ቀዶ ጥገናው አልቆ ነው። የጥንቸል አንጀት መቆም የለበትም። ቀን ከሌሊት ድርቆሽ ማብላላት አለበት። ሕመምና ድንጋጤ ያቆመዋል። አንጀቱ ሲቆም ጋዝ ይሞላል፣ ሕመሙ ይብሳል፣ ሕመሙ ደግሞ መልሶ አንጀቱን ይይዘዋል።

ይህ በዓይን ይታያል። ወደ ቤት የገባች ጥንቸል ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ተቀምጣለች። የምትወደውን ቅጠል ቢያቀርቡላት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ጥርሷ ቀስ እያለ ሲፋጭ ይሰማል። እንቅልፍ ይመስላል፤ ሕመም ነው። ስሯ ያለውን በጠጥ እዩት። ጤነኛዋ እንደ ሽምብራ ክብና ደርቆ የሚፈረፈር ትጥላለች። የታመመችዋ ወይ ምንም አትጥልም፣ ወይ ትንንሽና እኩል ያልሆነ ይሆናል። በ12 ሰዓት ውስጥ ካልበላች ወይም ካልጣለች እስከ ነገ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ናት። ብዙዎቹ ሞቶች እዚህ ላይ ሊያዙ ይችሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሕመም ማስታገሻ ለቤት ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። አሁንም ካልተሰጣችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

ሐኪም ለመምረጥ የምስክር ወረቀት ከማየት የሚሻል አንድ ጥያቄ አለ። "ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ሌሊት ምግብ ልከልክላት?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰው፣ ውሻና ድመት ከማደንዘዣ በፊት ይጾማሉ፤ እንዳያስመልሱ ነው። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። ሌሊቱን ሙሉ መራቧ ደግሞ ያንኑ አንጀት ያቆማል። "አዎ፣ ከማታ ጀምሮ እንዳትበላ" የሚል መልስ ከሰማችሁ፣ ያ ክሊኒክ ጥንቸልን እንደ ድመት ነው የሚያያት። ሌላ ፈልጉ። "እስክትመጡ ትብላ፣ ድርቆሿንም ይዛችሁ ኑ" ካለ ሥራውን ያውቃል። ከዚያ በዓመት ስንት ጥንቸል እንደሚያመክን፣ ስንት እንደሞተበት ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ጤነኛ አካል አይነካም የሚለው ወገን

የሕክምናውን ጥቅም እያወቁ የሚቃወሙም አሉ። ሐሳባቸው መናቅ የለበትም። የኖርዌይ የእንስሳት ደህንነት ሕግ ለእንስሳው ጤና ወይም ደህንነት የሚሆን በቂ ምክንያት ሳይኖር አካሉን ቆርጦ ማውጣትን አይፈቅድም። እዚያ ውሻን እንደ ልማድ ማኮላሸት የለም። ለባለቤቱ እንዲመች ተብሎ እንስሳ አይቆረጥም፤ ባለቤቱ ይጠንቀቅ ነው ነገሩ።

በእስራኤል ለሚኖሩ ሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ደግሞ ጥያቄው ከሕክምናም ያልፋል። የአይሁድ ሃይማኖት ሕግ በኦሪት ዘሌዋውያን 22፥24 ተመሥርቶ እንስሳ ማኮላሸትን ይከለክላል። በሴቷ ላይ ያለው ክልከላ ግን ከወንዱ ቀለል ተደርጎ ነው የሚታየው። ሕመም ያለበት ጉዳይም ሌላ ሚዛን አለው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ከሐኪሙ ቀድመው ረቢያቸውን ቢያማክሩ ትክክል ናቸው። የሚገርመው፣ የሃይማኖቱ ልዩነትና የሕክምናው ልዩነት እዚህ ላይ መገናኘታቸው ነው። ጠንካራ የጤና ምክንያት ያለው የሴቷ ነው፤ ክልከላው የላላውም በሴቷ ላይ ነው።

ለኖርዌዩ ዓይነት ክርክር የእኔ መልስ ጥንቸል ውሻ አይደለችም የሚል ነው። ውሻ ከሰው ጋር ብቻውን ቢኖር ደስተኛ ሊሆን ይችላል። ጥንቸል ግን ሌላ ጥንቸል ያስፈልጋታል። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኩት ይህንን ነው። እርስ በርስ ይላላሳሉ፣ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ አንዷ ስትበላ ሌላዋ ትጠብቃለች። ሳይመክኑ ሁለት ማኖር ወይ መውለድ ነው ወይ መጣላት። ሳይመክኑ አንዷን ለብቻ ማኖር ደግሞ ዕድሜ ልክ ብቸኝነት ነው። "ተፈጥሮዋን አትንኩ" የምንል ከሆነ፣ ብቻዋን በሣጥን ውስጥ ማስቀመጥም ተፈጥሮዋን መንካት ነው።

ማምከን የራሱ ዕዳ እንዳለውም መናገር ያስፈልጋል። የመከነች ጥንቸል ትወፍራለች፤ እንክብል መኖዋን መቀነስ፣ ድርቆሿን ማብዛት ግድ ነው። ጥቂቶቹ ላይ ሽንት አለመቆጣጠር ይከሰታል። ስለ ጸባይም የተጋነነ ተስፋ ይሰጣል። ሰው የምትፈራ ጥንቸል መከነች ተብላ ጭን ላይ ወጥታ አትተኛም።

በመሃል ያሉ መንገዶች

ወንድና ሴት አብረው ካሉ ወንዱን ብቻ ማኮላሸት ይቻላል። መውለድ ይቆማል። ወጪውም አደጋውም ያንሳል። የሴቷ የካንሰር ስጋት ግን ባለበት ይቀራል፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ "ጨረስን" ይላል። ማህፀኑን ትቶ ኦቫሪውን ብቻ ማውጣትም አለ፤ ቁስሉ ያንሳል፤ ገና ወጣት ለሆነች፣ ማህፀኗ ላልተነካ ይሆናል። ከቆዳ ስር የሚቀበር ዴስሎሬሊን የተባለ ሆርሞን አጋች መድኃኒትም አለ። ለሴቷ ለተወሰኑ ወራት ይሠራል፤ ለወንዱ ግን አይታመንበትም።

ዕድሜ ብዙ ይወስናል። ወንዱ ቆለጡ እንደወረደ፣ ከ3 እስከ 4 ወሩ ገደማ ሊኮላሽ ይችላል። ለሴቷ ከ5 ወር እስከ ሁለተኛ ዓመቷ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ በማህፀኑ ዙሪያ ስብ ይከማቻል፤ ሥራው ይረዝማል፣ ይከብዳል። አራት ዓመት ያለፋትን ሴት ከማምከን በፊት ደረቷን በራጅ ማየት ተገቢ ነው። ካንሰሩ ሳንባዋ ከደረሰ ቀዶ ጥገናው ከንቱ ስቃይ ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናት፣ ምንም ምልክት የሌላት ሴት ካለቻችሁ፣ ባትነኳት ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም።

ሐኪሙ በሌለበት ከተማ

አዲስ አበባ ውስጥ ጥንቸል ለልጆች የሚገዙ ቤተሰቦች አሉ። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ቢሾፍቱም ጎንደርም ሲሠለጥኑ በዋናነት የሚዘጋጁት ለከብት፣ ለበግ፣ ለፍየልና ለዶሮ ነው። የአገሩ ፍላጎት ያ ነውና ትክክል ነው። ውሻና ድመት የሚያክሙም አሉ። ጥንቸል አዘውትሮ የሚያደነዝዝ ሐኪም ማግኘት ግን ይከብዳል።

እዚህ ላይ ሚዛኑ ይለወጣል። የብሪታንያው 0.73 በመቶ የተገኘው ጋዝ ማደንዘዣ፣ መከታተያ መሣሪያና ልምድ ባለበት ነው። ያ በሌለበት ቁጥሩ ከዚያ ይከፋል እንጂ አይሻልም። የአሜሪካን መጠለያ ምክር እንዳለ አምጥቶ "ግዴታ አምክኑ" ማለት እንስሳዋን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ካልተገኘ ሴቷን አለመንካት ይሻላል። ትንንሽ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ካለ ግን ወንዱን ማስኮላሸት ከሴቷ ሥራ በጣም የቀለለ ስለሆነ ሊታሰብበት ይችላል። እሱ ከተኮላሸና ስድስቱ ሳምንት ካለፈ አብሯት ሊኖር ይችላል። ያ ካልሆነ ወንድና ሴት ከ10ኛ ሳምንታቸው ጀምሮ መለየት አለባቸው። በወንፊት ሽቦ መሃል እየተያዩ፣ እየተሻተቱ ይኑሩ። የሽቦው ቀዳዳ ጠባብ መሆን አለበት፤ በሰፊ ቀዳዳ ስሪያ ሊደርስ ይችላል።

ያልመከነች ሴት ያለው ሰው ከሦስት ዓመቷ በኋላ ሁለት ነገር አይርሳ። አንደኛው በየወሩ መመዘን ነው፤ የወጥ ቤት ሚዛንና ሣጥን ይበቃል። እየበላች ክብደቷ ከቀነሰ አንድ ነገር አለ። በዚያው ጡቶቿን በጣት መዳሰስ ነው፤ እብጠት ወይም ጠብታ ካለ ለሐኪም ይነገር።

ሁለተኛው ሽንቷ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ ይደነግጣል። የጥንቸል ሽንት ከምትበላው ቅጠል ቀለም የተነሳ ብርቱካናማ አንዳንዴም ቀይ ይሆናል፤ ይህ ጤነኛ ነው። የቅጠሉ ቀለም ሲሆን ሽንቱ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ይመስላል። የማህፀን ደም ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ወጥ አይሆንም፤ ነጠብጣብ ወይም የረጋ ጓል ሆኖ በንጹሕ ሽንት መሃል፣ ወይም በሽንቱ መጨረሻ ላይ ይታያል። ከተጠራጠራችሁ ነጭ ጨርቅ ወይም ባዶ ትሪ ከስሯ አድርጉ። ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም፣ ጥንቸል ነክቶ የማያውቀውም ጭምር፣ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ነክሮ ደም መሆን አለመሆኑን በደቂቃዎች ይለያል። ስትሄዱ ሽንቱን ከትሪው ላይ በንጹሕ ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ። ድርቆሽ ላይ የፈሰሰው አይጠቅምም።